በእንተ ጠባብ ፍላሽ

የሰው ልጅ በየዘመኑ ከሚፈተንባቸው ልዩ ልዩ ፈተናዎች መካከል፥ ሊቃውንት ገና ሐተታ ያልጻፉለት፥ ባለቅኔዎችም ጉባኤ ቃና እንኳ ያልቈጠሩለት አንድ አዲስ ፈተና በዘመናችን ተነሥቷል፤ ይኸውም ሦስት ጊጋባይት የሚጠጋ የሊኑክስ መጫኛ ይዞ በሁለት ጊጋባይት ፍላሽ ውስጥ ካላስገባሁ ብሎ መታገል ነው። ነገሩን የሰማ ሁሉ፥ የተማረውም ያልተማረውም፥ አስቀድሞ የተማከረ ይመስል አንድ ዐይነት ምክር ይሰጣል፤ «ለምን ትልቁን አይገዙም?» ይላል። ምክሩ ከቅን ልብ እንደሚመነጭ አልጠራጠርም፤ ዋጋውም ቢሆን ሰው የሚያደኸይ አይደለም። ይሁን እንጂ በገንዘብ የተፈታ ችግር ለፈቺው አንዳች ሳያስተምረው ያልፋል፤ በድካም የተፈታ ግን፥ ድካሙ ከጥቅሙ ቢበልጥ እንኳ፥ ለወግ የሚሆን ነገር አያጣም።

ወደዚህ ትግል የገባሁት ስለ ራሴ አይደለም። በሰፈራችን ዕድሜያቸውን በድጓና በቅኔ የፈጁ አንድ መሪጌታ አሉ፤ በውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው በአንድ ወቅት ያመጣላቸው ላፕቶፕም አላቸው። ላፕቶፑ በወጣትነቱ ብርቱ እንደ ነበረ ሁላችንም እንመሰክርለታለን፤ ዛሬ ግን ዊንዶውሱ ተነሥቶ ለሥራ እስኪሰናዳ ድረስ መሪጌታው አንድ መልክእ ደግመው ይጨርሳሉ፤ ከዚያም በሚበልጥ ቀን ሁለተኛውን ይጀምራሉ። ኮምፒዩተር የሚማረው የእኅቴ ልጅ ማሽኑን አገላብጦ መርምሮ፥ በሽታው እርጅና እንጂ ሞት አለመሆኑን፥ መድኀኒቱም ሊኑክስ መሆኑን ተናገረ። የሲዲ ማስገቢያው ከሥራ ከተሰናበተ ብዙ ዘመን ስላለፈው መጫን የሚቻለው በፍላሽ ብቻ ነው፤ በእጃችን ያለውም ፍላሽ ከአንድ ዐውደ ጥናት፥ ከጨርቅ ቦርሳና ከእስክርቢቶ ጋራ ለእኔ የታደለኝ፥ በላዩ የነበረው ዐርማ በኪስ ብዛት የደበዘዘ፥ ሁለት ጊጋባይት የሚል ጽሕፈት ያለበት ያ ነው።

ስለዚህ ፍላሽ አንድ የምስክርነት ቃል ልስጥ። ዛሬ በዓለም ገበያ በላያቸው ብዙ መቶ ጊጋባይት ተጽፎባቸው በውስጣቸው ግን ጥቂት ብቻ የሚይዙ ሐሰተኞች ፍላሾች ይዘዋወራሉ፤ ሠሪዎቻቸው የመቈጣጠሪያውን ቺፕ በሐሰት እንዲመሰክር አድርገው ስለሚያሰናዱት፥ ኮምፒዩተሩ «አቅምህ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ሳያፍር የሌለውን ይናገራል፤ ከእውነተኛው አቅሙ በላይ የተጻፈበትንም ፋይል ወይ ይጥለዋል ወይ በፊተኛው ላይ ይደርበዋል፤ ባለቤቱ መታለሉን የሚያውቀው የልጁን የሠርግ ፎቶግራፍ መልሶ የፈለገ ዕለት ነው። ይህን ተንኰል ለመግለጥ ኤፍ-ሦስት የሚባል፥ ፍላሹን ከዳር እስከ ዳር ጽፎበት መልሶ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም እስከ መሠራት ተደርሷል። የእኔ ፍላሽ ግን ሁለት ብሎ ሁለት የሚይዝ ትሑት ነው፤ ትሑትን ደግሞ ትንሽ ነህ ብሎ መጣል ከጥንት ጀምሮ በጎ ሰዎች የማያደርጉት ነገር ነው።

እርሱም ቢሆን ግን በስፍር ነገር ከክርክር አልዳነም። የፍላሽ ፋብሪካዎች በሺህ እያበዙ ስለሚቈጥሩ ሁለት ጊጋባይት ማለት ለእነርሱ 2,000,000,000 ባይት ነው፤ ኮምፒዩተር ግን ከፍጥረቱ ሁለትን በሁለት እያበዛ የሚሄድ በመሆኑ ብዙ ፕሮግራሞች በ1,024 እያበዙ ቈጥረው ሁለት ጊጋባይትን 2,147,483,648 ባይት ያደርጉታል። ልዩነቱ ከ147 ሚሊዮን ባይት ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 (ከዚህ በኋላም የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በእነርሱ አቈጣጠር ናቸው) ለሁለተኛው ቍጥር ጊቢባይት የሚል የራሱ ስም አውጥቶ ተከራካሪዎቹን ለማስታረቅ ሞክሯል፤ ሻጩ ግን በፊተኛው፥ ማሽኑም በኋለኛው መቍጠሩን አልተዉም፤ በመካከል የሚጐዳው ገዢው ነው። እኛም ልካችን የፋብሪካው ሁለት ቢሊዮን ባይት መሆኑን ዐውቀን፥ ከዚያ አንዲት ባይት ብታልፍ ፍላሹ ምሕረት እንደማያደርግ ተረድተን ሥራ ጀመርን።

ሊኑክስ ይህን ያህል የወፈረው ከምን የተነሣ ነው የሚል ጠያቂ ቢኖር፥ ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ለሕዝብ ያወጣው የመጀመሪያው ከርነል፥ ማለትም የሥርዐቱ ልብ፥ ዐሥር ሺህ ያህል የኮድ መስመር ብቻ ነበረ። በዚህ ከርነል ላይ ተሠርቶ በ1993 የተነሣው ስላክዌር የተባለ ሊኑክስ በፍሎፒ ዲስክ ክምር ይታደል ነበረ፤ አንዱም ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በኋላ ቶምስአርቲቢቲ የተባለ ትንሽ ሊኑክስ መጣና፥ ፍሎፒውን ከተለመደው ይልቅ ጠበቅ አድርጎ በመቀየድ 1.722 ሜጋባይት አስይዞ፥ የተበላሸ ኮምፒዩተር የሚጠገንበትን መሣሪያ ሁሉ በአንዲት ፍሎፒ አኖረ። በ2000 ደግሞ ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ክኖፒክስን አውጥቶ ወደ ሁለት ጊጋባይት የሚደርስ ፕሮግራም ጨምቆ በአንድ 700 ሜጋባይት ሲዲ አስገባ፤ ሳይጫንም ከሲዲው እንዲሠራ አደረገው። ኡቡንቱም በ2004 ሲወለድ ልኩ ይኸው ሲዲ ነበረ፤ እስከ 2011 ድረስም ለጠየቀው ሁሉ ሲዲውን ያለ ዋጋ በፖስታ ይልክ ነበረ። በ2012 መጨረሻ ግን 12.10 የተባለው እትም ከሲዲው ወሰን ወጣ፤ በ2024 የወጣው እትም ከአምስት ጊጋባይት አልፏል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የዳም ስሞል ሊኑክስ ነገር ነው። ይህ ሊኑክስ ከ50 ሜጋባይት አላልፍም ብሎ የተሳለ፥ በትሕርምቱም ስም ያተረፈ ነበረ፤ ብዙ ዓመት ተሰውሮ ቈይቶ በ2024 ሲመለስ ግን ወሰኑን 700 ሜጋባይት አድርጎ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሣቀበት፤ እኔ ግን አልፈርድበትም፤ የዛሬ ዘመን ብራውዘር ብቻውን የዚያን ጊዜውን ሙሉ ሥርዐት በክብደት ስለሚበልጠው፥ ድረ ገጽ ማየት የሚፈቅድ መናኝ በ50 ሜጋባይት ሊኖር አይቻለውም።

የእኅቴ ልጅ ይህን ታሪክ ከሰማ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ታዲያ ከመጀመሪያው ትንሹን ብንጭን ምን አለበት? ታይኒ ኮር እኮ 25 ሜጋባይት አካባቢ ነው» አለኝ። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ታይኒ ኮር ተጭኖ ሲነሣ የሚያሳየው ባዶ ቤት ነው፤ የቀረውን ሁሉ ባለቤቱ እየፈለገ ያስገባ ዘንድ ይጠብቃል፤ መሪጌታውን ደግሞ በሰባ ዓመታቸው ቤት ሠርተው እንዲገቡ ማዘዝ ነውር ነው። የዴቢያን አጭሩ መጫኛም ከአንድ ጊጋባይት በታች ሆኖ ለፍላሻችን ይበቃ ነበረ፤ እርሱ ግን የሚያንሰው አብዛኛውን ዕቃ ከኢንተርኔት ስለሚያስመጣ ነው፤ ኢንተርኔት በጥቅል እየተገዛ በሚኖርበት ቤት ይህ ሸክሙን በሁለት ጉዞ መክፈል እንጂ ማቅለል አይደለም። ስለዚህ ክሌመንት ለፌቭር በ2006 የጀመረው፥ መልኩ ለዊንዶውስ ሰው እንግዳ የማይሆነው፥ በሁለት ጊጋባይት ሚሞሪም ቢሆን እሠራለሁ የሚለው ሊኑክስ ሚንት ተመረጠ።

አይኤስኦ የሚባለው የመጫኛ ፋይል ተከፍቶ ሲታይ አሠራሩ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ኮምፒዩተሩን የሚቀሰቅሱ ጥቃቅን ፋይሎች አሉ፤ ከርነሉና ረዳቱ አሉ፤ የቀረውን፥ ማለትም የክብደቱን አብዛኛውን እጅ፥ የያዘው አንድ ታላቅ ፋይል ነው፤ እርሱም ስኳሽኤፍኤስ በሚባል ሥርዐት የተጨመቀ፥ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት፥ ሙሉው ሊኑክስ ነው። ይህን ሥርዐት ፊሊፕ ላገር የተባለ ባለሙያ በ2002 አውጥቶት በ2009 ከከርነሉ ጋራ በይፋ ተዋሐደ። የእኅቴ ልጅ ፋይሉን ባየ ጊዜ ወጣት ሁሉ የሚለውን አለ፤ «ዚፕ እናድርገው!» አለ። አደረገው፤ ፋይሉም ከመጀመሪያው መጠን ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱን ላስረዳው የጀመርኩት ከብራና ነው። መጭመቅ ማለት ድግግሞሽን እየፈለጉ ማሳጠር ነው፤ ይህንም ጥበብ የጥንት ጸሓፊዎቻችን ኮምፒዩተር ሳይታሰብ ያውቁት ነበረ። በዳዊት መዝሙር 135 በየቍጥሩ የሚመላለሰውን አዝማች በመጀመሪያ አሟልተው ከጻፉት በኋላ፥ በሚቀጥሉት ቍጥሮች ከየቃሉ ጥቂት ፊደል ብቻ እያስቀመጡ የሚያልፉ ጸሓፊዎች አሉ፤ አንባቢው ቀሪውን ከፊተኛው አምጥቶ አሟልቶ ያነባል፤ ብራናና ቀለምም ይተርፋል። አብርሃም ሌምፔልና ያዕቆብ ዚቭ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን ሊቃውንት በ1977 ያወጡት፥ ዛሬም ለብዙዎቹ መጭመቂያዎች መሠረት የሆነው ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ፊት ያለፈውን ነገር ዳግመኛ ከመጻፍ ይልቅ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመለስና ይህን ያህል ቅዳ» ብሎ ያመለክታል። እንግዲህ አዝማቹ አንድ ጊዜ ካጠረ በኋላ ያንኑ ብራና ለሁለተኛ ጸሓፊ ሰጥቶ «አንተ ደግሞ አሳጥርልኝ» ማለት ሰውየውን በከንቱ ማድከም ነው፤ የሚያሳጥረው ድግግሞሽ አልቋልና። ክላውድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅም በ1948 ባወጣው ጥናት ማንኛውም መልእክት ምንም ሳይጠፋበት ሊያጥር የሚችልበት ወሰን እንዳለው በሒሳብ አስረድቷል፤ ከዚያ ወዲያ ለማሳነስ የሚፈልግ ሰው መጭመቁን ትቶ መቍረጥ አለበት።

ለመቍረጥ ግን አስቀድሞ መዘርጋት ግድ ነው፤ በዚህም ላይ ከነገሩ ሁሉ አስቂኝ የሆነው ምሥጢር ተገለጠልን። የተጨመቀው ፋይል ሲፈታ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ የተፈታው ለብቻው፥ እንደገና የሚጨመቀውም ለብቻው፥ የሚታነጸው አዲሱ አይኤስኦም ለብቻው ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ጊጋባይት ለማዳን የተነሣ ሰው ከዐሥር ጊጋባይት የሚበልጥ ባዶ ቦታ ማሰናዳት ይጠበቅበታል። ቍጠባ የባለጸጋ ሥራ ነው የሚሉት ዕውነታቸውን ነው። ያን ቦታ ከእኅቴ ልጅ ኮምፒዩተር ለማግኘት እርሱ ያከማቻቸው የኮሪያ ተከታታይ ፊልሞች ተሠዉ፤ መሥዋዕቱም ያለ ልቅሶ አልተፈጸመም።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ቸሩት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ተዘረጋው ሥርዐት ውስጥ ተገባ። ይህ ትእዛዝ የሚያስደንቅ ነው፤ ሥርዐቱ ሳይነቃ በሆዱ ውስጥ ቆሞ አንዱን ፕሮግራም «ቅር»፥ ሌላውን «ውጣ» ለማለት ሥልጣን ይሰጣል። ሥልጣን ባለበት ደግሞ ማን መጀመሪያ ይውጣ የሚል ጥያቄ አይቀርም። የእኅቴ ልጅ መልሱ ዝግጁ ነበረ፤

«ጋሼ፥ ከቋንቋዎቹ እንጀምር። ይህን ሁሉ ማንም የማያነበውን ዝርዝር ምን እናደርገዋለን? እንግሊዝኛና አማርኛ ይቅሩ፥ ሌላው ይውጣ።»

ዝርዝሩንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር፤ የሩቅ አገሮችን አልፎ ወደ እኛ ቀረበና አፋርኛ፣ ብሊን፣ ሲዳምኛ፣ ትግርኛ፣ ትግረ፣ ወላይትኛ እያለ ሲወርድ ድንገት «ግእዝ» አለ። አንድ ጊዜም አይደለም፤ ለኢትዮጵያ አንድ፥ ለኤርትራ አንድ፥ ለየአንዳንዳቸውም ፊደሉ በሀለሐመ ተራ የሚደረደርበትና በአበገደ ተራ የሚደረደርበት ሁለት ሁለት መዝገብ ተሰናድቷል፤ የሳምንቱም ዕለታት ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ራብዕ እየተባሉ በውስጡ ተጽፈዋል። በዓለም ዙሪያ ሊኑክስ በተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች፥ ምናልባትም ግእዝ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ሰምቶ በማያውቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ፥ ይህ መዝገብ ማንንም ሳያስቸግር ተቀምጦ ይኖራል።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ መቍጠሪያቸውን ይዘው ዝም ብለው የነበሩት መሪጌታ ቀና አሉ።

«እስኪ ድገመው ልጄ፤ ምን አለ አልክ?»

«ግእዝ፥ የኔታ።»

«እርሱንም ልታወጣው ነው?»

«ቦታ ይይዛል፥ የኔታ፤ ፍላሹ ጠባብ ነው።»

«ምን ያህል ይይዛል?»

ከመካከላችን ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የገባውም፥ ጋዜጣ የሚያነበውም፥ ቢላ ስናነሣ ሚዛን አልያዝንም፤ በሚዛን የመጡት ድጓ ሲቈጥሩ የኖሩት ሽማግሌ ሆኑ። የእኅቴ ልጅ ወዲያው የፋይልን ክብደት በሚናገረው ትእዛዝ ግእዝን መዘነው፤ አራቱ መዝገቦች አንድ ላይ ተደምረው ግማሽ ሜጋባይት እንኳ አይሞሉም። ፋብሪካውና ማሽኑ በአቈጣጠር ሳይስማሙ በመካከል ያስቀሩብን 147 ሚሊዮን ባይት ይህን ያህሉን ግእዝ በመቶ እጥፍ ይውጠዋል። መሪጌታው ይህን ሲሰሙ መቍጠሪያቸውን መልሰው ጀመሩ፤ እኛም ዝርዝሩን ከስም ተራ ወደ ክብደት ተራ አዛወርነው።

በክብደት ተራ ሲታይ ዓለም ሌላ ነው። በላይኛው ወንበር የተቀመጠው ፈርምዌር የሚባለው ሆነ፤ ይህም ለዋይፋይ ካርድ፣ ለግራፊክስ ካርድና ለመሳሰሉት በየቺፑ ውስጥ የሚሠራ የጥቃቅን ፕሮግራሞች ክምችት ሲሆን፥ በመቶዎች የሚቈጠር ሜጋባይት ይይዛል። በውስጡም በታላላቅ የመረጃ ማእከሎች ለሚተከሉ የኔትወርክ ካርዶች፣ ለስልክ ቺፖችና ትናንት ለወጡ ውድ የግራፊክስ ካርዶች የሚሆን አለ፤ ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ወደ መሪጌታው ቤት በእንግድነት እንኳ ይመጣል ተብሎ አይታሰብም። ቀጥሎ ድራይቨር ለሚሠሩ ሰዎች የተቀመጡ የከርነል ራስጌ ፋይሎች መጡ። ቀጥሎ የዴስክቶፕ ጌጥ የሚሆኑ የተራራና የባሕር ፎቶግራፎች መጡ፤ እነርሱ አስቀድሞ በራሳቸው ሥርዐት የተጨመቁ ስለ ሆኑ ስኳሽኤፍኤስ ሊያሳንሳቸው አይችልም፤ እንደ ገቡ ይወጣሉ። የፎልደር ምስሎችም በሰማያዊ፣ በቀይ፣ በቡኒ፣ በሐምራዊና በሌላም ቀለም ሁሉ ተሠርተው ተደርድረዋል፤ ይህን ያህል ቀለም ያለው ልብስ ያለው ከእኛ መካከል ማንም አልነበረም።

የፊደል ነገርም ከእነዚህ ጋራ መጣ። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ የሚጻፍባቸው ፎንቶች ምልክታቸው በአሥር ሺዎች ስለሚቈጠር በአሥሮች የሚቈጠር ሜጋባይት ይመዝናሉ፤ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው የእኛ ፊደል ግን ከነሰባት ቤቱና ከነዲቃሎቹ ተሟልቶ በአንድ ትንሽ ፎንት ይጠቃለላል። መሪጌታው ቻይንኛ ስለማያነቡ የቻይናው ፎንት ይውጣ ብለን ፈረድን፤ ፍርዱን ስጽፍ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። በዚችው ሰዓት በቤጂንግ ከተማ እንደ እኔ ያለ ግትር ሽማግሌ ጠባብ ፍላሽ ይዞ በዝርዝሩ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ ግእዝንም ሲያይ ይህ ምንድን ነው ይል ይሆናል። ያ ሰው በዕውቀቱ ቢፈርድ ግእዝን ያወጣዋል፤ በሚዛን ቢፈርድ ግን ዕዳ ስላልሆነበት ይተወዋል። እኔም የእርሱን ፎንት ያወጣሁት በሚዛን እንጂ በንቀት አለመሆኑን ቢያውቅልኝ ደስ ባለኝ።

የዚህ ሁሉ ክምር ምሥጢር የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው። ሰው የሶፍትዌርን ውፍረት በስንፍናና በአባካኝነት ያመካኛል፤ በአንዳንዱ ዕውነት ነው። ነገር ግን አንድ በአንድ ስንመረምራቸው እያንዳንዱ ፋይል በአንድ ሰው አቤቱታ የገባ ነው፤ አቤቱታውም ፍትሐዊ ነው። የዴቢያን ማኅበር ይህን በራሱ ላይ አይቷል፤ ኮዳቸው ነጻ ያልሆኑትን ፈርምዌሮች በመርሕ ምክንያት ከዋናው መጫኛ ለይቶ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ግን መጫን ሲጀምር ዋይፋዩ እንቢ ስለሚለው፥ ኢንተርኔት ለማግኘት ፈርምዌር፥ ፈርምዌሩን ለማግኘት ኢንተርኔት እያለ በአዙሪት ይቸገር ነበረ። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌሩን ወደ መጫኛው አስገቡት፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12ም ይህን ይዞ ወጣ። ያ ክብደት የቸገራቸው ሰዎች ጩኸት ክብደት ነው ማለት ነው። እኛ ከመሪጌታው ላፕቶፕ ዋይፋይ ጋራ የሚስማማውን አንድ ፋይል ለይተን የቀረውን ስናወጣ፥ የወጣው ሁሉ ከንቱ ስለ ሆነ አይደለም፤ እኛ የምናገለግለው ሰው አንድ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ለአንድ ሰው የሚሰፋ ልብስ ለሁሉ ከሚሰፋው ማነሱ አይደንቅም።

ሊብረኦፊስ ግን ሚዛኑንም አሸነፈን። መሪጌታው ቅኔያቸውን የሚጽፉበት ራይተር ይቅር፥ የስላይድ ማሳያውና የዳታቤዙ ክፍል ይውጣ ብለን ቈረጥን፤ ቈርጠን ስንመዝን የተገኘው ትርፍ የሚያሳፍር ነበረ። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ የጋራ እምብርት ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ አንዱ እስካለ ድረስ እምብርቱ አይነቃነቅም፤ የሚወጣው ላይ ላዩን ነው። የኢሜይሉ ተንደርበርድ ያለ ክርክር ተሰናበተ፤ መሪጌታው ደብዳቤ የሚቀበሉት በሰው እጅ ነውና።

መቍረጡ ሲያበቃ መልሶ መጭመቅ መጣ። መጭመቂያዎች በጠባያቸው ይለያያሉ፤ ጂዚፕ መካከለኛ ነው፤ ዜድስታንዳርድ ሲፈታ እጅግ ፈጣን ነው፤ ኤክስዜድ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ያሳንሳል፥ በዚያው ልክ ግን ሲጨምቅም ሲፈታም ይዘገያል። ለአሮጌ ማሽን የሚሰናዳውን ነገር በዘገምተኛው መጭመቅ ግፍ ይመስላል፤ ሆኖም ሥርዐቱ አንድ ጊዜ በሃርድ ዲስኩ ላይ ከተጫነ በኋላ ተፈትቶ ስለሚቀመጥ መዘግየቱ የመጫኛው ዕለት ብቻ ነው፤ ለዚያም ዕለት መሪጌታው አንድ ሌላ መልክእ አላቸው። ኤክስዜድ ተመረጠ፤ የእኅቴ ልጅ ኮምፒዩተርም ማራገቢያው እስኪጮኽ ድረስ ሲሠራ አመሸ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የጸሓፊ ሥራ ነው። በመጫኛው ውስጥ የየፋይሉን ማረጋገጫ ቍጥር የያዘ ዝርዝር አለ፤ ቍጥሩ የሚወጣው ሮናልድ ሪቨስት ባዘጋጀው፥ በ1992 በታተመው ኤምዲ5 በሚባል ስሌት ሲሆን፥ ፋይል ተለውጦ ዝርዝሩ ካልታደሰ መጫኛው ራሱን መርምሮ ራሱን ይከሳል። ዝርዝሩ ታደሰ፤ አዲሱ አይኤስኦም ታነጸ። በዲዲ ትእዛዝ ወደ ፍላሹ ሊጻፍ ሲል የእኅቴ ልጅ እጁን አቆመና የመሣሪያውን ስም ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ይህ ትእዛዝ የሚጽፍበትን ስፍራ ሳይጠይቅ፥ ሳያስጠነቅቅ ስለሚጽፍ፥ የፍላሹ ስምና የኮምፒዩተሩ የራሱ ዲስክ ስም የሚለዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንዲት ፊደል ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያች ፊደል ላይ ዐይኑ የደከመው ሰው ፍላሹን ትቶ ቤቱን ያፈርሳል።

እጁን ባቆመበት ቅጽበት ግን የአይኤስኦውን መጠን አየና፥ «ጋሼ፥ ተርፏል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ዕውነትም ከሁለቱ ቢሊዮን ባይት መቶ ሚሊዮን ያህሉ ተርፎ ነበረ። ይህን ባየን ጊዜ እስከ አሁን ቈራጮች የነበርን ሦስታችን ባንድ ጊዜ አቤቱታ አቅራቢዎች ሆንን። መሪጌታው ደቀ መዝሙራቸው በስልክ የቀዳላቸው የዜማ ትምህርት ከሊኑክሱ ጋራ ይግባልኝ አሉ። እኔ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት፥ ገጹ ሁሉ በፎቶግራፍ የተነሣው፥ እንዲገባ ለመንኩ፤ ግእዝ በመዝገብ ብቻ ቀርቶ በመዝገበ ቃላቱም ይኑር ብዬ ተሟገትኩ። የእኅቴ ልጅ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፥ የኔታ ሲደክማቸው የሚዝናኑበት የካርታ ጨዋታ ቢገባ ምን ይጐዳል አለ። ሦስቱም አቤቱታ ትክክል ነበረ፤ ሦስቱም በየፈርጁ ለመሪጌታው ጥቅም የቀረበ ነበረ፤ ተደምረው ግን መቶው ሚሊዮን ባይት አይደለም፥ ያወጣነው ሁሉ የለቀቀው ቦታም ቢሰጣቸው አይበቃቸውም ነበረ። ሦስት ሰዎች በአንድ ምሽት ይህን ካደረግን፥ በሺህ የሚቈጠሩ ሠሪዎች ለሚሊዮኖች ሲያስቡ ሚንት በሦስት ጊጋባይት ላይ መቆሙ ትዕግሥታቸውን የሚያስመሰግን ነው።

ሕጉ በሚዛን ይፈረድ የሚል ስለ ነበረ ሦስቱም ተመዘኑ። የዜማው ድምፅ ከተረፈው ቦታ ብዙ እጥፍ ሆነና ወደቀ። መዝገበ ቃላቱ ገጹ ሁሉ ፎቶግራፍ ስለ ሆነ በጥቂቱ አልፎ እርሱም ወደቀ፤ ልጨምቀው ብዬ ሳስብ የሻነንን ወሰን አስታውሼ አፌን ያዝኩ። የካርታው ጨዋታ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሆነ። እኔ ነገሩን በሌላ ሕግ እናየው ዘንድ ለማሳሰብ ጉሮሮዬን ስጠርግ፥ መሪጌታው እጃቸውን አነሡና፥ «ተው ወንድሜ፤ ሚዛን ክብደትን እንጂ ክብርን አያውቅም፤ ግእዝን ያስቀረልን ይኸው ሚዛን ነውና ዛሬ ካርታ ቢያስገባ አንቀየመውም። ይግባ፤» ካሉ በኋላ ወደ እኅቴ ልጅ ዘወር ብለው፥ «አጫዋወቱን ግን ሳታሳየኝ እንዳትሄድ» አሉት።